ማሽላው ማንን ነው የሚጠራው?

ከትናንት ጀምሮ ምንም ነገር አይጥመኝም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ፀሐይዋ ደህና ናት፣ ቡናውም አልከፋም፤ ብቻ ደስ አላለኝም። በዚህ መሃል አንዲት ጓደኛዬ ከቆቦ መንገድ ፎቶ ላከችልኝ። የማሽላ ማሳ ነው፤ በየአገዳው ሥር ሮዝ አበባ ፈንድቷል። «መስከረም እኮ እንዲህ ነው!» ብላ ሦስት ልብ ደርድራበታለች። አበባው አቀንጭራ ነው፤ ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም። ልነግራት ጀመርኩና አጠፋሁት፤ የሰው ደስታ ማበላሸት አልፈለግኩም።

ካበበ ወዲያማ ለዘንድሮው ማሽላ ምን ይደረጋል? አቀንጭራ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ሳይታይ ነው። ሥሩ ላይ ተጣብቆ ከአንድ ወር በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ውሃውንም ምግቡንም ይመጥጣል። ብቅ ሲል ማሽላው ቀድሞ ቀጭጯል፤ እርጥበት እያለ ቅጠሉ የጠማው ይመስላል። ገበሬው ዝናብ አነሰ ብሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አሁን መንቀል የሚጠቅመው ለከርሞ ነው፤ ያውም ፍሬው ሳይበስል ተነቅሎ ከተቃጠለ። ነቅሎ ድንበር ላይ መጣል ከመዝራት አይሻልም፤ የአንዱ ተክል ዘር ከ50,000 ሊበልጥ ይችላል። እያንዳንዱ ዘር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ትቢያ በሉት። ነፋስ ይወስደዋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ከብት ከበላውም ከፍጉ ጋር ደህና ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በደንብ ያልበሰለ ፍግ ወደ ማሳ መበተን አደጋ አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ትዕግሥቱ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። ዝናብ ስለመጣ ብቻ አይበቅልም። አንድ ሁለት ሳምንት ሞቅ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ከርሞ ይዘጋጅና ይጠብቃል። የሚያወጣው ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ስለሆነ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘ ስንቁ አልቆ ይሞታል። እንግዲህ ሥሩ አጠገቡ መድረሱን በምን ያውቃል?

ማሽላው ራሱ ይነግረዋል። ከሥሩ ስትራይጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር በጣም በትንሹ ይለቃል፤ አቀንጭራ ያንን ሲያገኝ ይነቃል። መጀመሪያ የታወቀው በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ከጥጥ ሥር ነው። ማሽላ ለምን ጠላቱን ይጠራል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ 2005 ድረስ መልስ አልነበረውም። ለካ ጥሪው ለሌላ ነው! ማይኮራይዛ ለሚባለው ፈንገስ ነው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ ሥሩ አጠገቡ ያለውን ከጨረሰ በኋላ ራቅ ካለው የሚያመጣለት ይህ ፈንገስ ነው፤ ዋጋውንም በስኳርና በቅባት ይቀበላል። ማሽላው ሲርበው ይጣራል፤ ወዳጁም ይሰማል፣ አቀንጭራም ይሰማል። አፈሩ በፎስፈረስና በናይትሮጅን በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል። አቀንጭራ የደከመ መሬት ላይ የሚብሰው አንድም በዚህ ነው።

ከአፈር በላይ ደግሞ ሌላ ጥሪ አለ። የአገዳ ቆርቋሪ ትል በቆሎውን ሲበላው ተክሉ ሽታ ይለቃል፤ ያንን ተከትላ ትንኝ የምታክል ጥገኛ ተርብ ትመጣና ትሉ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው አንዳንድ ነባር የበቆሎ ዘሮች ገና የትሉ እናት፣ የእሳት ራቷ፣ እንቁላል ስትጥልባቸው ይጣራሉ፤ አብረው የተፈተኑት ድቅል ዘሮች ግን ዝም ብለዋል። ምርት ስንመርጥ ድምፃቸውን ሳናውቅ ጥለንባቸዋል ማለት ነው።

ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ፑሽ-ፑል («ግፋና ሳብ») የሚባለው የአዘራር ዘዴ ሁለቱንም ጥሪ ስለሚነካ ነው የምወደው። በበቆሎው ወይም በማሽላው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ በማሳው ዙሪያ ከሰብሉ 1 ሜትር ርቆ የዝሆን ሳር። የእሳት ራቷ የዝሆን ሳሩን መርጣ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ የተፈለፈሉት ትሎች ሳሩ በሚያወጣው ሙጫ ተይዘው አብዛኞቹ ያልቃሉ። ዴስሞዲየሙ የእሳት ራቷን በጠረኑ ያባርራል የሚባለው አሁን እያከራከረ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጠማማ ፀጉሮች ትሉን ይይዛሉ የሚሉም አሉ። የሥሩ ሥራ ግን ያስደንቀኛል። አቀንጭራውን አስመስሎ ይጠራዋል፤ ሲበቅል የሚጣበቅበት ሥር የለም፣ እድገቱንም ያቀጭጭበታል። አፈር ውስጥ የተከማቸው ዘር በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል።

የሚበላሸው ታዲያ ቀላል በሚመስለው ቦታ ነው። የዴስሞዲየም ዘር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በስሱ ቦይ ይዘራል፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። መጀመሪያ ላይ እድገቱ አዝጋሚ ነው። በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ግድም ካልታረመ አረም ይውጠዋል፤ አራሚው ካላወቀው ደግሞ ራሱን አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ቢቆም፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ ለዓመታት ይቆያል የተባለው ተክል እስከ ሥሩ ይጋጣል። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ ጎረቤት ካልተስማማ አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም።

ሌላው መንገድ ማሽላውን ዝም ማሰኘት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከዚያ ነው። በ2017 አቀንጭራን የሚቋቋሙበት ምክንያት በዘረመል ደረጃ ተለየ። ማሽላው ጭራሽ ዝም አላለም፤ የጥሪውን ዓይነት ነው የቀየረው። አዲሱን ፈንገሱ ይሰማዋል፣ አቀንጭራው ግን ብዙም አይነቃበትም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ግን አቀንጭራ ጥሪ የሚቀበልባቸው የታወቁ ፕሮቲኖች 11 ናቸው፤ ከተክል ተክል ደግሞ ይዳቀላል። ከነዚያ አንዱ አዲሱን ቋንቋ ለመልመድ ስንት መኸር ይፈጅበታል? ደግሞስ ይህ የተለወጠ ጥሪ ያን ያህል ከጠቀመ፣ ለምን የማሽላ ዘር ሁሉ ቀድሞ አልያዘውም? በነባር ዘሮች ውስጥ በይበልጥ የሚገኘው አቀንጭራ ባለበት አገር ነው፤ ከዚያ ውጭ ብርቅ ነው። የሆነ ቦታ ዋጋ ይከፈልበታል ማለት ነው፤ ምናልባት አፈሩ በጣም ሲደኸይ። ስለ መከፋቴ ልጽፍ ተቀምጬ ይኸው ለማሽላ ወጪና ገቢ እሠራለሁ። ለመሆኑ የሚከፈለው ዋጋ ምንድን ነው?