የኮሪደሩ ማዕዘን

እናቴን ዎከሯን፣ ማለትም ባለ አራት እግር የመራመጃ ድጋፏን ትታ፣ ግድግዳውን በእጇ እየደገፈች ስትሄድ ያገኘኋት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቡና ይዤላት ወደ ክፍሏ እየሄድኩ ነበር። ደንግጬ ሲኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና ክንዷን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ዎከሩስ?»

ቀና ብላ አላየችኝም። «ቤትሽን ፈጀሁት እኮ ልጄ። ለዚህች ለዚህች እንኳ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ብዬ ነው» አለች።

ጥር ላይ በረዶ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰብሯል። ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ የምትሄደው በዎከር ነው። ሐኪሟ እስኪፈቅድላት ድረስ ያለ ዎከር አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትራመድ ተነግሯታል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ጠባብ ታውንሃውስ ነው። ከክፍሏ ወጥታ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ኮሪደሩ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ አለባት። መታጠፊያው ላይ ያለው የግድግዳ ማዕዘን የዎከሩን የፊት እግር በየቀኑ ይቀበላል። ቀን ስድስት ሰባት ጊዜ፣ ሌሊት ደግሞ ሁለቴ። በነካችው ቁጥር «ይቅርታ» ትላለች። ሌሊት ሁላችንም ተኝተን፣ ማንም አይሰማኝም ብላ፣ ድምፅዋን ቀንሳ «ይቅርታ» ትላለች። እኔ ግን እሰማለሁ።

ማዕዘኑን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ትንሽ ዝግጁ ስቱኮ ገዛሁ። የተጎረደውን ቦታ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቀለም ቀባሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ነበር። ከዚያ ዎከሩ አንዴ ሲነካው ሁሉም እንደ ደረቀ የዳቦ ቅርፊት ተፈንቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። እናቴ ፍርፋሪውን ልትለቅም ጎንበስ ስትል ነው የደረስኩት። መጎንበስም ተከልክላለች።

ማክሰኞ ማታ ፎቶ አንስቼ በድራይዎል (በሰሌዳ የሚሠራ ግድግዳ) ሥራ ብዙ ዓመት ለቆየ፣ ቤተ ክርስቲያን ለማውቀው አንድ ወንድም ላኩለት። ወዲያው ደወለ። «ይሄ የስቱኮ ጉዳይ አይደለም። ብረቱ ለቋል» አለኝ።

እኔ ስለ ብረት አላውቅም ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ማዕዘን ላይ ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚገናኙበትን ጠርዝ የሚሸፍን፣ ርዝመቱን ሙሉ የታጠፈ ቀጭን ብረት አለ። ኮርነር ቢድ ይሉታል። ማዕዘኑን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ምቱን የሚችለውም እሱ ነው። ከላይ የሚታየን ነጭ ነገር ሽፋን ብቻ ነው። ብረቱ ከተላቀቀ ደግሞ የፈለገ ጥሩ ስቱኮ ቢለጠፍበት አይቆምም። ምልክቱ ከጠርዙ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ስንጥቅ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሄጄ አየሁ። ስንጥቁ አለ፣ በሁለቱም በኩል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ብረቱ ወደ ውስጥ ገባና ተመለሰ። እዚያ ጋ በቀን ስንቴ አልፋለሁ! እናቴ ከግድግዳው ጋር ስትጨነቅ እኔ ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው።

ሥራውን ቅዳሜ ጀመርኩ። ዕቃው ውድ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ከአንድ ምሳ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ግድግዳ ከመፋቃችሁ በፊት ቤታችሁ መቼ እንደተሠራ እዩ። አስቤስቶስ ያለበት የግድግዳ መጠገኛ የተከለከለው በፈረንጆቹ 1977 ነው። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም ደግሞ በ1978። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሳያስመረምሩ መንካት ልክ አይደለም፣ በተለይ ልጅ ካለ። የእኛ በ1988 የተሠራ ነው። ያም ሆኖ ማስክ አደረግኩ። የእናቴን በር ዘጋሁና ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ጠቀጠቅኩ።

መጀመሪያ የሽፋኑን ዳር በቢላ ቁልቁል ቀደድኩት። እንዲህ ካልተደረገ ብረቱ ሲነሳ የሰሌዳውን ወረቀት ይዞት ይላጣል። ከዚያ ጤነኛው ብረት ከሚጀምርበት፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሰጌቶ አግድም ቆረጥኩት። ቀስ ብዬ ፈልቅቄ ሳነሳው የዛጉ ሦስት ሚስማሮች አብረው ወጡ። አንደኛው ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን እንጨት ጨርሶ አልነካውም ነበር። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ጀሶው ውስጥ ብቻ ተሰክቶ የኖረ ነው። ሥሩ ያለው የሰሌዳ ጠርዝ ተፈርፍሮ ዱቄት ሆኗል። ሚስማሩን ኪሴ ከተትኩት።

አቧራውን ጠርጌ ስጨርስ እናቴ በሩን ከፈተች። ወንበር አመጣሁላትና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። የተገለጠውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ጀሶ ነው እማዬ።»

«ጀሶ? ያ እንጀራ ውስጥ ይጨምሩታል የተባለው?»

«እሱው።»

እናቴ ያደገችው ደጀን ነው። ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ገደሉ ውስጥ የጀሶ ድንጋይ አለ። ያንን ዓይነት ድንጋይ ይፈጩታል፣ በሙቀት ውኃውን ያወጡለታል፣ መልሰው በውኃ ለውሰው በሁለት ወረቀት መሃል ያስተኙታል አልኳት። ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ነው። ጀሶ ሲጠነክር ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ውኃ ስለሆነ፣ ቃጠሎ ቢነሳ ውኃው እስኪተን ድረስ እሳቱን ያዘገየዋል። እናቴ ሁሉንም ሰማችና፣ «ድንጋይ በወረቀት ጠቅልለው ነዋ ቤት የሚሠሩት» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ያልተጎዳውን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰችው።

አዲሱን ብረት በቆርቆሮ መቀስ ቆረጥኩ። ከላይ ካለው አሮጌ ብረት ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠምኩት። ውኃ ልኩን ጠርዙ ላይ አስደግፌ ሁለቱ አንድ መስመር መሆናቸውን አየሁ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄአለሁ፤ ይህ ከተጣመመ በኋላ የሚያቃናው ነገር የለም። በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ፣ በሁለቱም ጎን፣ እንጨቱን በሚያገኝ ቪቴ አሰርኩት። ቪቴው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብረቱን ይጎትተዋል፤ ሲላላ ደግሞ ራሱ ወጥቶ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያን ወንድሜ የነገረኝ መሞከሪያ ስፓቱላውን ከጠርዙ እስከ ግድግዳው አጋድሞ ቁልቁል መሳብ ነው። «ቀጭ» ካለ የወጣ ቪቴ አለ ማለት ነው። ሁለት ቦታ ቀጭ አለ። በካቻቢቴ አስገባኋቸው። ወረቀቱ የተላጠበትን ቡናማ ቦታ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን፣ ቀባሁት፤ ያለዚያ እርጥበት ሲነካው ይነፋል።

ከዚያ ጭቃው። እዚህ አገር የድራይዎል ሠራተኞች ልስኑን «ማድ» ነው የሚሉት፤ ጭቃ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተለውሶ በባልዲ የሚሸጥ፣ ውኃው ሲተን የሚደርቅ። ሌላው ዱቄት ነው። እሱ በውኃ ሲለወስ በራሱ ጊዜ ይጠነክራል። ለመጀመሪያው ዙር ዱቄቱን መረጥኩ፣ የ45 ደቂቃውን። ብዙ አይኮማተርም፣ ጠንካራም ነው።

ከለወስኩት ትንሽ ቆይቶ ባልዲው እጄ ላይ ሞቀ።

ስምንት ዓመቴ ላይ ከዛፍ ወድቄ እጄ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ሲያስሩልኝ እርጥቡ ፋሻ ቀስ እያለ ሞቀ። ያቃጠሉኝ መስሎኝ ጮህኩ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጀሶው ላይ አስደገፈችና፣ «አያቃጥልም፣ እዪ፣ እኔንም ነክቶኛል» አለችኝ። እስኪጠነክር ድረስ ጉንጯን አላነሳችም። ይህ ሁሉ ከነሽታው መጣብኝ። ባልዲውን አቀበልኳት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሞቀ» አለች።

«አዎ፣ ጀሶ ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «ግራ እጅሽ ነበር» አለች።

ከዚህ በኋላ ሥራውን የመራችው እሷ ናት። እናቴ ምርጊት ታውቃለች። ልጅ ሳለች የአያቴ ቤት ሲመረግ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ከሚረግጡት አንዷ ነበረች። ተረግጦ ቀናት ይከርማል። የመጀመሪያው ዙር ወፈር ያለ ነው፤ ጭዱ በዛ ይልበታል። ሲደርቅ ቀጠን ያለው ይደረብበታል። «ሳይደርቅ ከደረብሽበት ይሰነጠቅብሻል» አለች። ወንድሜም በስልክ ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔ መሃሉን መሙላት ላይ ሳተኩር እሷ ዓይኗ ከጠርዙ አልተነሳም። «ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ውጭ ሳቢው። ወደ ጫፉ አትግፊ።» ስፓቱላውን አንድ ጎኑን ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ሳብኩት። ጭቃው በሁለቱ መሃል ሞልቶ ቀረ። «እንደሱ» አለች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ ስታወራ አልሰማኋትም ነበር። የምታዝበት ድምፅ ነው፣ ድሮ ወጥ ቤት ውስጥ የማውቀው።

ሁለተኛውን ዙር በዝግጁው ጭቃና በሰፊው ስፓቱላ ሠራሁ። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ግራጫው ወደ ነጭ ተለውጦ ነበር፤ መድረቁ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሦስተኛው በጣም ስስ ነው፣ ጠባሳ ለመሙላት ብቻ። ከዚያ የስልኬን መብራት ግድግዳው ላይ ጎን አስጠጋሁት። በቀን ብርሃን ለስላሳ የሚመስለው ሁሉ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ይታያል። በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ አሸሁት። ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ፕራይመሩን መዝለል ያጓጓል፣ ግን ጭቃው ቀለሙን ስለሚመጥጠው ቦታው ደብዝዞ ይታወቃል። ምድር ቤት የነበረው የድሮ ቀለም ከግድግዳው ጋር ስላልተመሳሰለ ሁለቱንም ግድግዳ ሙሉ ቀባሁ።

ወንድሜ ከላዩ ግልጽ የፕላስቲክ መከላከያ እንድለጥፍበት መክሮኝ ነበር። ጥሩ ምክር ነው። እኔ ግን ተውኩት። እናቴ ባለፈች ቁጥር «ይህ ያንቺ ጥፋት ነው» የሚላት ነገር እዚያ እንዲቆም አልፈለግኩም።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ዎከሯን ከማዕዘኑ አርቃ በተቃራኒው ግድግዳ ተጠግታ ለመዞር ስትሞክር አየኋት። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰውነቷ ተጣመመ። ቀስ ብዬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ዎከሩን አንስቼ እያየችኝ ማዕዘኑን መታሁት።

«ተይ!» ብላ ጮኸች።

ነጩ ቀለም ላይ አንዲት ጥቁር ጭረት ወጣች። እጇን ይዤ አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አደረግኩት። ተጫነችው። ደግማ ተጫነችው። አልተንቀሳቀሰም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የዛገ ሚስማር አወጣሁና መዳፏ ላይ አኖርኩት። «የድሮው በዚህ ነበር የተያዘው፤ እንጨቱን አልነካም። አንቺ አይደለሽም የሰበርሽው» አልኳት። ሚስማሩን ገለባብጣ አየችው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የዎከሩን ድምፅ ሰማሁ። ከክፍሏ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ ማዕዘኑን ነካችው። ጭንቅላቴን ከትራሱ ቀና አድርጌ ጠበቅኩ።

ምንም አላለችም። ዎከሩ ታጠፈ። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በራ።