18 ዓመት ያስጠበቀው አልበም

የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንሶች እ.ኤ.አ. በ2023 «ሃክኒ ዳይመንድስ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ አድናቂው ለሁለት ተከፈለ። ራሳቸው የጻፏቸው አዳዲስ ዘፈኖች ያሉበት አልበም ካወጡ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንዱ ወገን «በጣም ተወልውሏል፣ ያ የድሮው ሻካራ ድምፅ የታለ?» ይላል። ልክ ናቸው፤ ፕሮዲውሰሩ አንድሩ ዋት ከፖፕ ዘፋኞችም ጋር የሚሠራ ነው፣ ያስታውቃል። ግን 80 ዓመት የሞላው የባንዱ ድምፃዊ ሚክ ጃገር እንደዚያ ሲጮህ እየሰሙ እንዴት ያማርራሉ?

እኔን የያዘኝ ሰባተኛውና ስምንተኛው ዘፈን ነው። በ2021 ያረፈው የባንዱ ድራመር ቻርሊ ዋትስ ከመሞቱ በፊት ድራሙን የቀዳባቸው ናቸው። ኢርፎን አድርጋችሁ ስሙት፤ ስኔሩን (ጮክ ብሎ የሚመታውን ከበሮ) ሲመታ ሃይ-ሃቱን (ጥንዶቹን የብረት ሳህኖች) የሚዘልባት የድሮ ልማዱ አለችው፣ በዚያች ክፍተት ዘፈኑ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስላል፣ እኔ እሷ ጋ ስደርስ እንባዬ ይመጣል። እሱን የተካው ድራመር ስቲቭ ጆርዳን ጎበዝ ነው፣ ግን ቻርሊ ቻርሊ ነው።

አልበሙ መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ጃገርና ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ ብቻ ይቀራሉ፣ አንድ ሃርሞኒካ፣ አንድ ጊታር፣ የባንዱ ስም የተወሰደበት የብሉዝ ዘፋኙ የመዲ ዋተርስ ዘፈን።