ኳሱ ሳይነሳ የሚነበብ ማጥቃት

በ2023 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በፔን ስቴት 31 ለ 0፣ በሚሺጋን 26 ለ 0፣ በቴኔሲ 35 ለ 0 ተሸነፈ። ሲደመር 92 ለባዶ። በዚያው ዓመት ግን 10 ጨዋታ አሸንፏል፤ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለሊጉ፣ ለቢግ ቴን፣ የዋንጫ ጨዋታም ደርሷል። ደጋፊውን የሚያበግነው ይኸው ነው። ቡድኑ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሰው ተስፋውን ቆርጦ ቅዳሜውን ለሌላ ጉዳይ ያውለው ነበር። መከላከሉ በአገሪቱ ካሉት ምርጦች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ማጥቃቱ ከሜዳው ከኪኒክ ስታዲየም የላይኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው እንኳ አስቀድሞ የሚነበብ መሆኑ ነው ጥርስ የሚያስነክሰው።

ቁጣውን ላቆየውና "ይታወቃል" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፈው። ብዙው የደጋፊ እሮሮ የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጨዋታውን ለማያዘወትር ሰው፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። 10 ያርዱን ከሞላ አራት አዲስ ሙከራ ያገኛል። ካልሞላለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ ርቆ እንዲሄድ መትቶ ለተጋጣሚው ያስረክባል፤ ይህ ፓንት ነው። በሁለት ሙከራ መሃል ሁሉም ቆሞ ይሰለፋል። አሰልጣኙ የሚመርጠው፣ ተከላካዩም የሚገምተው በዚህች ዕረፍት ነው።

ግምቱ የሚጀምረው ማን ሜዳ እንደገባ በማየት ነው። ከ11ዱ ተጫዋቾች ኳርተርባኩ (ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚሰጠው) እና ከፊቱ የሚከልሉት አምስቱ የመስመር ሰዎች አይለወጡም። የቀሩት አምስቱ ናቸው ምስጢር የሚያወጡት። አሰልጣኞች በሁለት አኃዝ ይጠሯቸዋል፤ የመጀመሪያው የራኒንግ ባክ (ኳሱን ይዞ የሚሮጠው)፣ ሁለተኛው የታይት ኤንድ (ከመስመሩ ዳር ቆሞ የሚከልልም ኳስ የሚቀበልም) ቁጥር ነው። "12" ከተባለ አንድ ራኒንግ ባክ፣ ሁለት ታይት ኤንድና ሁለት ተቀባይ ገብተዋል ማለት ነው። አይዋ ይህን አሰላለፍ ቢወድ አይፈረድበትም። ታዋቂው ታይት ኤንድ ጆርጅ ኪትል የወጣው ከዚያ ነው፤ በ2019 የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫም ሆኬንሰንና ፋንት የተባሉ ሁለት ታይት ኤንዶቹ በአንድ ዓመት በመጀመሪያው ዙር ተወስደዋል።

ቀጥሎ የሚታየው የኳርተርባኩ አቋም ነው። ኳሱን ከሚያቀብለው ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ ቆሞ ራኒንግ ባኩ ሰባት ያርድ ያህል ከኋላው ከሆነ ሩጫ ይጠበቃል። ራቅ ብሎ በሾትገን ከቆመ ደግሞ ውርወራ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ኳሱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በኮሌጅ ሜዳ ላይ ሁለቱ የሃሽ መስመሮች (ኳሱ ከእነሱ ውጭ የማይቀመጥባቸው ምልክቶች) በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በኤንኤፍኤል ግን 18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ በኮሌጅ ኳሱ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ሲቀመጥ አንደኛው በኩል ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል። ታይት ኤንዱ በሰፊው በኩል ከተሰለፈና አንደኛ ዳውን ከሆነ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህን በወረቀት መያዝ ይቻላል፤ መጮህ ለሚፈልግ ደጋፊም ከመጮኹ በፊት እንዲሞክረው እመክራለሁ። ሰባት ዓምድ ይበቃል፦ ዳውን፣ የቀረው ያርድ፣ ሃሽ (ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ)፣ እነማን ገቡ፣ የኳርተርባኩ አቋም፣ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት የተንቀሳቀሰ ሰው ነበር ወይ፣ ውጤቱ። በአንድ ጨዋታ ማጥቃቱ ከ60 እስከ 70 ሙከራ ያደርጋል። የግማሽ ማብቂያዎቹን ሁለት ሁለት ደቂቃ ለይታችሁ ጻፉ፤ ሰዓት ሲያሳድድ ሁሉም ቡድን ይወረውራልና ስሌቱን ያበላሻል። ውጤቱ ካለቀለት በኋላ ያለውንም ጣሉት። የተሳካ ሙከራ ለማለት በኮሌጅ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መለኪያ በአንደኛ ዳውን ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛና በአራተኛው ሙሉውን ማግኘት ነው። ሁለተኛ ዳውን ላይ 8 ያርድ ቀርቶ 3 ያርድ መሮጥ በስታዲየሙ ጭብጨባ ያስገኝ ይሆናል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ውድቀት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትንሽ ቁጥር መደምደሙ ላይ ነው። አንድ አሰላለፍ አራት ጊዜ ታይቶ ሦስቱ ሩጫ ቢሆን ምንም አልተረጋገጠም። የሦስትና የአራት ጨዋታ ተደምሮ 20 ጊዜ ታይቶ 16ቱ ወደ አንድ ጎን የተደረገ ሩጫ ሲሆን ግን፣ ተጋጣሚው ማክሰኞ ዕለት ለላይንባከሮቹ (ከመከላከሉ የፊት መስመር ጀርባ ለሚቆሙት) በሰሌዳ ላይ ይጽፍላቸዋል። ሥራዬ ብሎ ይህን የሚቆጥር ሰው በሁሉም ቡድን አለ። የራሱን ቡድን በተመሳሳይ መንገድ ቆጥሮ "ይህ ታውቆብናል" ብሎ ለአሰልጣኙ የሚያሳይ ሰውም ሊኖር ይገባል። ቡድኑ ጨዋታ የሌለበት ሳምንት ለዚህ ሥራ ዓይነተኛ ጊዜ ነው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ያው አሰላለፍ ያንኑ ፕሌይ (የተጠና እንቅስቃሴ) ይዞ ሲመለስ ነው እኔ ተስፋ የምቆርጠው።

በቴሌቪዥን ስታዩ አንድ ችግር አለ። ካሜራው ወደ ኳሱ ስለሚጠጋ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሴፍቲዎች አይታዩም። አንደኛው ወደ መስመሩ ወርዶ እንደሆነ የምታውቁት ከጎል በስተኋላ በተቀረጸው ድጋሚ ምስል ነው። በስታዲየም ውስጥም ዝቅ ካለው የ50 ያርድ (የሜዳው አጋማሽ) ወንበር ይልቅ በማዕዘን በኩል ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋናው አሰልጣኝ ከርክ ፌሬንትዝ ቡድኑን ከ1999 ጀምሮ ሲይዝ የሩጫው መሠረት አውትሳይድ ዞን ነው። አምስቱ የመስመር ሰዎች በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ ጎን ይራመዳሉ። ራኒንግ ባኩ ወደ ታይት ኤንዱ ውጫዊ ጎን ያነጣጥርና በሦስተኛው እርምጃው አካባቢ ይወስናል፦ ወደ ውጭ ልዙር፣ በመሃል ልግባ፣ ወይስ ወደ ኋላ ልታጠፍ? ፕሌዩ ታወቀ ተብሎ አይወድቅም። በ2023 ዊስኮንሲንን 15 ለ 6 ያሸነፉ ጊዜ ሌሾን ዊሊያምስ 82 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር፣ ሜዳው ላይ ሩጫ ያልጠበቀ ሰው አልነበረም።

ችግሩ ሒሳብ ነው። በ12 አሰላለፍ አምስቱ የመስመር ሰዎችና ሁለቱ ታይት ኤንዶች ሰባት ከልካይ ይሆናሉ። ተከላካዩ አንድ ሴፍቲ አውርዶ ስምንት ሰው ካቆመ አንዱ ማንም ሳይነካው ይቀራል። ያን አንድ ሰው የሚያስረው ኳርተርባኩ ነው። ኳሱን የሰጠ መስሎ ይዞ በተቃራኒው ጎን ይወጣል፤ ይህ ቡትሌግ ነው። ታይት ኤንዱም ሜዳውን አቋርጦ ይመጣለታል። በዚያ በኩል ያለው የተከላካዩ የዳር ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ካየ በሚቀጥለው ሩጫ ላይ አያሳድድም፤ ቦታው ላይ ይቆማል። ያኔ ሰባት ለሰባት ሆነ ማለት ነው። ቡትሌጉ ካላስፈራው ግን ራኒንግ ባኩን ከኋላ ደርሶ በሁለት ያርድ ይጥለዋል። አንዱን ፕሌይ 20 ጊዜ መደጋገም ኃጢአት አይደለም፤ ያንኑ የሚመስል፣ የገመተውን ሰው የሚቀጣ ሌላ ፕሌይ አለመኖሩ ነው ማጥቃቱን የሚገድለው። የመጨረሻ ዋጋውን አስቀድሞ የተናገረ ነጋዴ ደግሞ ምን ይከራከራል?

ለዚህ ማጥቃት ሚዛናዊ ለመሆን፣ በ2023 ቡትሌጉ ማንንም ያላስፈራበት ምክንያት አለ። ከሚሺጋን የመጣው ኳርተርባክ ኬድ ማክናማራ ወቅቱን የጀመረው እግሩ ሳይሽር ነው፤ ሚሺጋን ስቴትን የገጠሙ ዕለት ደግሞ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ አበቃበት። ተተኪው ዲከን ሂል ግዙፍ እንጂ ፈጣን አልነበረም። ታይት ኤንዶቹ ሉክ ላቼይና ኤሪክ ኦልም ተራ በተራ ተጎድተው ወጡ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማክናማራ ገና ሳይመጣ፣ በ2022፣ ማጥቃቱ በያርድ ከ131 ቡድኖች 130ኛ ነበር። የዚያን ዓመት የመክፈቻ ጨዋታ ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 ሲያሸንፉ አንድም ታችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመሩ አሻግሮ ማስቆጠር) አልነበረም፤ አንድ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ የሚገኝ 3 ነጥብ) እና ሁለት ሴፍቲ፤ ይህ ሴፍቲ ተጫዋቹ ሳይሆን መከላከሉ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነው። ጉዳት ያባባሰው እንጂ የጀመረው ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ዳውን ላይ ያለው ሌላው ሕመም ነው። 7 ያርድ ቀርቶ 4 ያርድ ላይ የሚጣል ኳስ። ተቀባዩ ይይዛል፣ ወዲያው ይወድቃል፣ ፓንት። እንዲህ የሚሆነው ውርወራው ከመስመር ሰዎቹ አቅም ጋር ስለታሰረ ነው። ረጅም መንገድ ለመሮጥ ተቀባዩ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ኳርተርባኩ ያን ያህል ጊዜ ከሌለው አጭሩን ይመርጣል። ተከላካዩም ይህን ስለሚያውቅ ሰዎቹን 10 ያርዱ የሚሞላበት መስመር ላይ ደርድሮ ከፊቱ የሚያዘውን ይተውለታል። በ2023 ፔን ስቴትን በገጠመበት ምሽት አይዋ 33 ሙከራ አድርጎ 76 ያርድ ብቻ አገኘ።

አሰልጣኙ ለምን አልለወጠውም? ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ይህን ሲሉ የምሰማቸው ሰዎች ቆጥረው አያውቁም። ቶሪ ቴይለር የተባለው አውስትራሊያዊ ፓንተር በ2023 ብቻ 4,479 ያርድ መትቶ ከ1938 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዊስኮንሲን ላይ 10 ጊዜ መትቶ 506 ያርድ ነው ያስጓዘው። እንዲህ ያለ እግርና እንዲህ ያለ መከላከል ያለው አሰልጣኝ ኳስ ከመቀማት ፓንት ይሻለኛል ቢል፣ ከእኩዮቹ በታች ባሉት ላይ ትክክል ነው፤ ራትገርስን 22 ለ 0፣ ኢሊኖይን 15 ለ 13፣ ኔብራስካን 13 ለ 10 አሸንፎበታል። ስሌቱ የሚፈርሰው ተጋጣሚው 14 ነጥብ ሲመራ ነው። ያኔ ፓንት አያድንም፤ መወርወር ግድ ይሆናል፤ መወርወር ደግሞ ያልለመዱት ነገር ነው።

በዚህ መሃል የመጣው የውል ጉዳይ በኮሌጅ ስፖርት ብዙም የማይታይ ነው። የማጥቃቱ አስተባባሪ የዋናው አሰልጣኝ ልጅ ብራያን ፌሬንትዝ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ደንብ ምክንያት አለቃው አባቱ ሳይሆን የስፖርት ዳይሬክተሩ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ውሉ ተሻሻለ፦ ደመወዙ በ50,000 ዶላር ቀንሶ 850,000 ሆነ፤ ውሉ እንዲቀጥል ቡድኑ ቢያንስ 7 ጨዋታ ማሸነፍና በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ማስቆጠር ነበረበት። መከላከሉና ልዩ ቡድኑ (ፓንትና የመሳሰሉትን የሚሠራው) የሚያስቆጥሩትም ይቆጠርለት ነበር። እኔ ይህን መለኪያ ከመጀመሪያው አልወደድኩትም፤ መከላከሉ ጠልፎ ያስቆጠረው ነጥብ ስለ ማጥቃቱ ምን ይነግረናል? በሁለተኛ ዳውን ብዙ ያርድ ቀርቶ የሚገኘው ስኬት ቢለካ ይሻል ነበር። ለማንኛውም ቡድኑ በ14 ጨዋታ 216 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአማካይ 15.4። ወቅቱ ሳያልቅ፣ በጥቅምት መገባደጃ፣ አስተባባሪው በሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖር ተነገረ።

በ2024 ቲም ሌስተር መጣ። ብዙ ደጋፊ አዲስ ማጥቃት ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን ያው አውትሳይድ ዞን ነው። ልዩነቱ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው፦ አንድ ሰው ከጎን ወደ ጎን ይሮጣል፣ ታይት ኤንዱ ቦታ ይለውጣል፣ ያው ፕሌይ ከሦስትና ከአራት አሰላለፍ ይመጣል። ላይንባከሩ የተንቀሳቀሰውን ሰው ተከትሎ ግማሽ እርምጃ ቢሳሳት ሩጫው ክፍተቱን ያገኘዋል። ኬለብ ጆንሰን በዚያ ዓመት 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ጊዜ አስቆጠረ። በ2023 የተረገመው ፕሌይ ይኸው ነው እንግዲህ።

ውርወራው ግን አልተከተለውም። ኦሃዮ ስቴት 35 ለ 7 ሲያሸንፍ፣ ውጤቱ ከራቀ በኋላ የእኔ ሰባት ዓምድ እንደ ቀድሞው በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ተሞላ። በ2025 ማርክ ግሮኖውስኪ የመጣው ከዚያው ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት ነው፤ በራሱ እግር ሮጦ ያርድ የሚያገኝ ኳርተርባክ ነበር። እሱ ኳሱን ይዞ ሲወጣ የዳሩ ሰው ቦታው ላይ ይቆም ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ የምጨምረው ስምንተኛ ዓምድ ይህ ነው፦ ሩጫ በተደረገ ቁጥር ያ የዳር ሰው ቆመ ወይስ አሳደደ።