ግቤ 3ን በፊዚክስ ክፍል ማስላት
ተማሪ ሜጋዋትን (የማመንጨት አቅም) እና ጊጋዋት ሰዓትን (በጊዜ ውስጥ የመነጨ ጉልበት) ካምታታ ትርጉም ከማስሸምደድ የግቤ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይሻላል፦ 10 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት፤ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 6,500 ጊጋዋት ሰዓት።

1,870 ሜጋዋትን በዓመቱ 8,760 ሰዓት ሲያባዙት 16,381 ጊጋዋት ሰዓት ይመጣል። 6,500 የዚህ 40 በመቶ ገደማ ነው። ይሄኔ "60 በመቶው በሙቀት ባከነ" የሚል አይጠፋም። አልባከነም! ኢፊሸንሲ (ከውሃው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀየረው ድርሻ) ሌላ ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ተርባይን የሚያዞር ውሃ የለም፤ ፍላጎቱም ሌሊት ይወርዳል።

ቀጥሎ አንድ ተርባይን ብቻ ይውሰዱ። ውሃው 200 ሜትር ይወርዳል፣ ኢፊሸንሲው 90 በመቶ ነው እንበል። 187,000,000 ዋትን ለ(1,000 × 9.8 × 200 × 0.9) ሲያካፍሉት (1,000 የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት በኪሎግራም፣ 9.8 የስበት ፍጥንጥነት ነው) በሰከንድ 106 ሜትር ኩብ ይወጣል። ሜጋዋቱን ወደ ዋት ሳይቀይር ያካፈለ ተማሪ ግን የሚያገኘው አንድ ብርጭቆ ሻይ የምታህል ውሃ ነው።