የጨዋታ ሰዓታችን እንዳይቆረጥ

ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ማታ

ሰሞኑን ምሽቶቼን የምፈጀው የቤታችንን ኮምፒውተር አደብ በማስያዝ ነው። የኳስ ጨዋታ ከፍተን በተቀመጥንበት ከጀርባ ብቅ እያሉ «አድሰኝ»፣ «ፍተሻ ጨርሻለሁ»፣ «አጥፍተህ አብራኝ» የሚሉትን ፕሮግራሞች ማለቴ ነው። ለብዙ ሰው ተራ ነገር ነው፤ መስኮቷን ዘግተህ ትቀጥላለህ ይሉኛል። ለእኔ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አይታየኝም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጎን ለጎን የምንቀመጥባት ሰዓት በቀን ውስጥ ያቺ ብቻ ናት፤ እሱ ጥናቱን ጨርሶ፣ እኔ ከሥራ ተመልሼ፣ እራት ተነሥቶ፣ መብራትም ካለ። መብራት ሲጠፋ ከመተኛት በቀር ምርጫ የለንም። በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ኮምፒውተራችን ውስጥ ያለ ፕሮግራም ያቺን ሰዓት ሲሸራርፋት ግን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ያለፈው ሳምንት ነገር ነው ለዚህ ያነሣሣኝ። ወንድሜ በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሷን አስቀመጠ፤ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የግብ ጠባቂዬን አቋም ያጤናል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ድንገት ምስሉ ጠቆረ፣ ሜዳው ጠፋ፣ የዊንዶውሱ ገጽ መጣ። መሀሉ ላይ አንዲት መስኮት ተገትራለች። የፀረ ቫይረስ ፕሮግራሙ ፍተሻውን መጨረሱንና ምንም አለማግኘቱን ሊነግረን ነበር የመጣው። ምንም አለማግኘቱን! ወደ ጨዋታው ስንመለስ ኳሷ ግብ ጠባቂዬ እጅ ውስጥ ናት። «ጋሼ፣ ይህ አይቆጠርም» አለኝ። አልቆጠርሁትም፤ እንደገና ጀመርን። ነገር ግን ያ ልብ የሚያንጠለጥል ደቂቃ አብሮ አልተመለሰም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ የቁልፍ ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ ለአንድ መስኮት ብቻ ይሰጣል። ሌላ መስኮት ከፊት ሲቀድም የምንጫነው ቁልፍ ሁሉ ወደዚያኛው ይሄድና ጨዋታው ምንም ሳይደርሰው ይቀራል። ስክሪኑን ለብቻው የያዘ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ጨዋታዎች ሙሉ ስክሪን ከሚለው ጎን ጠርዝ የሌለው መስኮት የሚል ምርጫ አላቸው። እሱን ሲመርጡ ምስሉ አይጠፋም፤ የቁልፉን መነጠቅ ግን አያስቀርም። ስለዚህ መፍትሔው መስኮቷ ከመነሻው እንዳትመጣ ማድረግ ነው።

አባቴ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ማታ ማታ ከጀርባችን ተቀምጦ ስለሚያየን፣ ያን ቀን የሆነውን አይቶ የቅኔ ቤቱን ነገር አነሣልኝ። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ አጭሩ የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ የቀኑን ፀሐይ ሊፈጅ ይችላል። «ቤቱ ሊመታልኝ ሲል ሰው ከጠራኝ፣ ያ ቃል ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ፤ ከአንደኛው መጀመር ነው» አለኝ። ኮምፒውተር ላይ ኳስ መምታትንና ቅኔን አንድ አላደርጋቸውም፤ አባቴም አላደረጋቸውም። ሰው አንድ ነገር ላይ ልቡን ሲጥል የሚሆነውን ግን ያውቀዋል፤ በጨዋታ ነው ብሎም አልናቀብንም። ይህን ከእሱ መስማቴ አበረታኝ።

ማግስቱን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ፣ የትኛው ፕሮግራም ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ከፈትሁ። ጨዋታ ሳይከፈት፣ ምንም ሳንነካ፣ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል። ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ማስቀመጫውም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚያነብበት ክንድ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ስለሚሠራ፣ አንዱ ፕሮግራም ቫይረስ ሲፈትሽ፣ ሌላው ፋይሎችን ለፍለጋ ሲመዘግብ፣ ሦስተኛው አፕዴት ሲያወርድ ጨዋታው ወረፋ ጠባቂ ይሆናል። ተጫዋቹ ሮጦ ሮጦ ባለበት ቀጥ የሚለው በዚህ ነው። በአካባቢያችን ደግሞ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ ሁሉም ፕሮግራም የቀረበትን በአንድ ምሽት ላውርድ ይላል። ወንድሜ ይህን ሲያይ «ለካ እኛ አይደለንም የዘገየነው» አለ።

እዚያው ታስክ ማኔጀር ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡት ተዘርዝረዋል፤ እያንዳንዱ አነሣሡን ምን ያህል እንደሚያዘገይም ከጎኑ ተጽፏል። ከተሸጠ የቆየ ፕሪንተር ረዳት፣ ማንም የማይከፍተው የቪዲዮ ማውረጃ፣ የራሱን አዲስ ቅጂ ብቻ የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም። ከዝርዝሩ ማገድ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስትጠራው ብቻ እንዲመጣ ያደርገዋል። የማላውቀውን ስም ግን አልነካሁም፤ የድምፅና የስክሪን ካርድ ፕሮግራሞችም እዚያው ስለሚገኙ መጀመሪያ ማንነታቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ አፕዴቱ ሄድሁ። ዊንዶውስ እናንተ የምትሠሩበትን ሰዓት ንገሩኝና በዚያ ውስጥ ራሴን አጥፍቼ አልነሣም የሚልበት ቦታ አለው፤ እስከ 18 ሰዓት ድረስ መስጠት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ለማለት 6 ብሎ ከእኩለ ሌሊት ጋር ማጋጠም ነው። ለእኔ ከዚህ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ሌላው ነው። ኢንተርኔት የምንጠቀመው ከስልኬ በሚጋራ የዳታ ጥቅል ነው፤ ዊንዶውስም ግንኙነቱ የሚቆጠር እንደሆነ ሲነገረው አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ፈቃድ አያወርድም። አንዲት ምልክት በማብራት ጨዋታውም ጥቅሉም ተረፈ። የወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍለውንም ዘጋሁት፤ በሰፊ መስመር ላይ ደግ ነገር ነው፣ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ግን አይሆንም።

ማሳወቂያዎቹን ማስቆም ብዙ አላደከመኝም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10 ላይ ጨዋታ ሲከፈት ማሳወቂያ በራሱ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ። ከእሱ በፊት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣው ጌም ሞድ ደግሞ በጨዋታ መሀል የሾፌር ፕሮግራም (እንደ ስክሪን ካርድ ያሉትን የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራው) እንዳይጫንና አጥፍተህ አብራ የሚለው ጥያቄ እንዳይመጣ ያደርጋል።

ሺፍት አምስት ጊዜ ሲጫን የምትመጣው መስኮት ነገር ግን ሌላ ነው። በብዙ ጨዋታ ለመሮጥ የሚጫነው ሺፍት ስለሆነ፣ ሯጩ ሲፈጥን መስኮቷ ትደርሳለች። ወንድሜ ይህን ነገር ማን አመጣው ብሎ ሲቆጣ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ለማይችል ሰው የተሠራ መሆኑን ነገርሁት፤ አንዱን ቁልፍ ይጫንና ተይዞ ይቆይለታል፣ ከዚያ ሌላውን ይጫናል። አንድ እጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያጠፋሁት አገልግሎቱን ሳይሆን በሺፍት የሚጠራበትን አቋራጭ ብቻ ነው። ቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ ሲቆይ የሚመጣውንም እንዲሁ አደረግሁት።

ፀረ ቫይረሱን ጭራሽ አጥፋው የሚሉኝ ነበሩ። በዚህ አልስማማም። እዚህ ከተማ ፊልሙም፣ የትምህርት ጽሑፉም፣ ጨዋታው ራሱም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው፤ ቫይረስም አብሮ ይዞራል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ እንደኛ አዲሱን ዊንዶውስ የማይችል ኮምፒውተር የያዘ ሰው ጥበቃውን ይጨምር እንጂ አያንሣው። እኔ ያደረግሁት ሰዓቱን መቀየር ነው፤ ፍተሻው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ይጀምራል፣ ስንመለስ ይጨርሳል። ፕሮግራሙ የራሱ የጨዋታ ሁነታም አለው፤ እሱንም አብርቼዋለሁ። ጨዋታ አፋጣኝ ነን የሚሉትን በተመለከተ አቋሜ የጸና ነው። ከጀርባ የሚሠራን ፕሮግራም ለማስቆም ሌላ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም መጫን፣ ያውም ራሱ ማስታወቂያ እያወጣ የሚረብሽን፣ ለማንም አልመክርም።

ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ማንም አልገባብንም። ወንድሜ 3 ለ 1 አሸነፈኝ፤ አንዷን ግብ ያገባት በፍጹም ቅጣት ምት ነው።

የቀረው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ነው። እሱ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ቢጠይቀው እንኳ እንዲህ አይጨናነቅም። ወንድሜ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳልነካው ለምኖኛል፤ የጥናት ጽሑፎቹ እዚያው ስላሉ እውነት አለው። እስከዚያ ፋይሎቹን እየፈተሽሁ ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ።