የዘበኛው ኮፍያ

ሥራዬ ድራማ ቀረፃ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው መሰለል ነው። በደንቡ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ይባላል፣ እኛ ጋ ግን ሁሉም ሰው "ኮንቲኒዩቲ" ብሎ ነው የሚጠራኝ። ባለፈው ቴክ ላይ (ካሜራው አንዴ ተከፍቶ እስኪዘጋ የተቀረፀው ማለት ነው) ብርጭቆው በየትኛው እጁ ነበር፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከየት ተከፍቶ ነበር፣ ክፍል 3 ላይ "እናቴ ሞታለች" ያለች ልጅ ክፍል 9 ላይ እናቷ ጋ እንዳትደውል፣ ይሄን ሁሉ የምይዘው እኔ ነኝ። ተከታታይ ድራማ ደግሞ በቅደም ተከተል አይቀረፅም፣ የክፍል 7 መጨረሻና የክፍል 2 መጀመሪያ አንድ ሳሎን ውስጥ ከሆኑ በአንድ ቀን ነው የሚያልቁት፣ ስለዚህ እኔ የምበላው በማስታወስ ነው። ይሄን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የማወራው ሞኝነት የማን እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ብዬ ነው።

የኛ ድራማ 24 ክፍል ነበር የታቀደው። ክፍል 11ን ጨርሰን 12 ልንገባ ስንል ዋናዋ ተዋናይት ታመመችና ሐኪም ሦስት ሳምንት እረፍት አዘዘላት። እሷ ደግሞ ከአስር ሲን (ትዕይንት) ስምንቱ ላይ አለች፣ የሚተላለፍበት ቀን ደግሞ አይገፋም። ስብሰባ ተጠራ፣ ሁሉም ጭንቅላቱን ይዟል፣ ዋና ጸሐፊያችን ብቻ ተረጋግቶ "ያለ እሷ ለብቻው የሚቆም አንድ ክፍል እንስራ፣ ዘበኛው ላይ" አለ።

ዘበኛው? ዘበኛው እኮ ከክፍል 2 ጀምሮ በር ከፍቶ በር የሚዘጋ ሰውዬ ነው! ስም እንኳን የለውም፣ ስክሪፕቱ ላይ "ዘበኛ" ተብሎ ነው የሚፃፈው። ፕሮዲዩሰሩ ፊቱ ተቀየረ። ጸሐፊው ግን ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፣ ብሬኪንግ ባድ የሚባለው የአሜሪካ ድራማ ሦስተኛው ሲዝን ላይ፣ እ.ኤ.አ. 2010 ማለት ነው፣ ከበጀት ስላለፉ ሁለቱን ዋና ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ዘግተው አንድ ክፍል ሙሉ ሊባል በሚችል ዝንብ ሲያባርሩ አሳዩን አለ። (እኔ ያቺን ክፍል እወዳታለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ "ምንም አልተፈጠረም" ብሎ ዘሏታል፣ በዚህ ተጣልተን እናውቃለን።) ከዛ "ዶክተር ሁ" የሚባለውን የእንግሊዝ ድራማ አመጣ፣ 2007 ላይ የወጣችውን ብሊንክ የምትባለዋን ክፍል። ዋናው ተዋናይ በዛው ሰሞን ሌላ ክፍል እየቀረፀ ስለነበር እሱ ትንሽ ብቻ ብቅ ብሎ ታሪኩን ከዛ በፊት አይተናት የማናውቅ ልጅ ተሸክማው ነው የወጣችው፣ ተመልካቹ ደግሞ እስከዛሬ ከምርጦቹ ነው የሚቆጥራት። ስታር ትሬክ የሚባለው የጠፈር መርከብ ድራማም 1994 ላይ አለቆቹን ወደ ጎን አድርጎ ጀማሪ መኮንኖቹ ላይ አንድ ክፍል ሰርቶ ነበር፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ በዛችው ክፍል ስም ሙሉ የካርቱን ተከታታይ ወጣ። ጸሐፊው ይሄን ሁሉ ሲያወራ ፕሮዲዩሰሩ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፣ ርካሽ መሆኑን። አዲስ ሎኬሽን የለ፣ እንግዳ ተዋናይ የለ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ የዘበኛ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ስልክ። ተስማሙ። እኛም ቀረፃ ላይ ያለነው ከዛን ቀን ጀምሮ "መሙያዋ" ማለት ጀመርን።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ዋና ገፀባህሪያት እያንዳንዳቸው ስምንት ዘጠኝ ገፅ ማስታወሻ አላቸው፣ የተወለዱበት ቀን፣ ጠባሳቸው፣ ማን ላይ ቂም እንደያዙ፣ ሁሉ ነገር። የዘበኛው አንድ መስመር ነበረች፦ "ዘበኛ፣ ስልሳ አካባቢ፣ ኮፍያ ያደርጋል።" ጸሐፊው ስለ ሰውዬው እስካሁን የተባለ ነገር ካለ ላኪልኝ ሲለኝ ያቺን መስመር ላኩለት፣ ጨረስኩ። እሱም ባዶ ሜዳ ስላገኘ እንደልቡ ፃፈ። ዘበኛው ሰባት ዓመት ያኮረፈችው ሴት ልጅ አለችው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን አንስቶ ይደውላል ይዘጋል፣ ሊነጋ ሲል ልጅቷ ታነሳለች። በቃ ይሄ ነው ታሪኩ።

ቀረፃው ሊጀመር ሲል ዘበኛውን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ወደኔ መጡ። አርባ ዓመት መድረክ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እኛ ጋ ግን በር ነው የሚከፍቱት፣ ያው ሥራው እንዲህ ነው።

"ልጄ፣ ክፍል 5 ላይ እኮ ልጅ የለኝም ብያለሁ።"

ስክሪፕቱን አገላበጥኩ፣ የለም። ትንሿ ልጅ "አንተ ልጅ አለህ?" ትለዋለች፣ እሱ በዝምታ በሩን ይዘጋል፣ ይሄ ነው የተፃፈው። እሳቸው ቴክ ላይ ራሳቸው የጨመሩት ነበር። እኔ ያን ቀን የዋናዋ ተዋናይት ጉትቻ ጠፍቶብኝ እሱን ሳሳድድ ስለዋልኩ አልፃፍኩትም፣ ጉትቻው ደግሞ መጨረሻ ላይ ካሜራው ውስጥ እንኳን አልገባም። እንግዲህ ያኔ ማድረግ የነበረብኝ አምስት ደቂቃ ወስጄ ክፍል 5ን ከፍቼ ማየት ነው። መብራቱ ተዘጋጅቷል፣ ዳይሬክተሩ እየጮኸ ነው፣ እኔም ምን አልኳቸው፣ "ጋሼ አይጨነቁ፣ መሙያ ክፍል ናት፣ ማንም አያስታውሰውም።"

ትንሽ አዩኝና "እሺ" ብለው ሄዱ። ያቺን "እሺ" አሁንም ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

ቀረፃው ተጀመረ። ስልኩን ከማንሳታቸው በፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት ባለው ሲን ኮፍያው አናታቸው ላይ ነው፣ ቀድመን ከሩቅ በቀረፅነው ሰፊ ሾትም አናታቸው ላይ ነው፣ አይገጥምም። "ስህተት አለ፣ ይደገም" አልኩ። ዳይሬክተሩ ሞኒተሩን አየ፣ "ተይው፣ ሰፊውን ነው የምንደግመው" አለ። እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ በቀይ ፃፍኩት፦ ኮፍያ፣ የተዋናይ ስህተት።

ክፍሏ ተላለፈች። ወደድኳት፣ እውነት ለመናገር አልቅሻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ተላከልኝ፣ አንድ ተመልካች የክፍል 5ን "ልጅ የለኝም" እና የክፍል 12ን የስልክ ጥሪ ጎን ለጎን ለጥፎታል። "ማንም አያስታውሰውም" ያልኩት ማንም ይሄው መጣ። ኤዲተራችን ሊያፅናናኝ ይሁን ሊያሾፍብኝ እንጃ፣ ፍሪንጅ የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ታሪክ ነገረኝ። 2009 ላይ ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር የዋና ገፀባህሪያቱ አንድ ባልደረባ ተገድሏል፣ ጃንዋሪ 2010 ላይ ግን ለመጀመሪያው ሲዝን ተቀርፆ የተቀመጠ ለብቻው የሚቆም ክፍል ተላለፈና የሞተው ሰውዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ ያወራል። "አንቺ እኮ ሙት አላስነሳሽም" አለኝ። እዛ ግን ቀረፃው በጊዜው ትክክል ነበር፣ የተዛባው ተራው ነው። የኔን ግን ተዋናዩ ፊቴ ቆመው ነግረውኝ ነው።

ከሰዓት ጸሐፊው ጠራኝ። መጀመሪያ "ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም" ልል ነበር፣ እውነትም ነው፣ ግን አፌ ላይ ደርሶ አፈርኩና ያለውን እንዳለ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ክፍል 5ን ክፈቺው አለኝ። አብረን አየን። ትንሿ ልጅ ትጠይቃለች፣ ሰውዬው ዝም ይላል፣ ከዛ ኮፍያውን ያወልቃል፣ "ልጅ የለኝም" ይላል፣ መልሶ ያደርጋል። ክፍል 12ን ከፈትን። ያው ኮፍያ፣ ያው አወላለቅ፣ በግራ እጅ፣ ቀስ ብሎ።

ሁለታችንም አልተናገርንም። እኔ በቀይ ስህተት ብዬ የፃፍኩት ነገር ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዝ ብቸኛ ክር ነበር። ሰውዬው ክፍል 5 ላይ የዋሸው ስለተጎዳ ነው፣ ልጅ የለኝም ያለው ስላለችው ነው። ጸሐፊው ይሄን አልፃፈውም፣ ዳይሬክተሩም አላሰበውም፣ እኔማ ጭራሽ ላስደግመው ነበር።

ማታ ደወልኩላቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኩና አስበውበት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "እኔ ምን አስባለሁ ልጄ፣ ሰውዬው ልጁን ሲያነሳት ኮፍያ ማድረግ ያፍራል" አሉኝ፣ ከዛ ስለ ነገ የቀረፃ ሰዓት ጠየቁኝ።

ጸሐፊው ክፍል 16 ላይ አንድ ሲን ጨመረ፣ ትንሿ ልጅ በሩ ላይ መጥታ "ልጅ የለኝም ብለኸኝ ነበር እኮ" ትለዋለች፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ናት። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ታስቦበት ነው ብሎ አመነ፣ እኛም አላስተባበልንም። እኔ ደግሞ የዘበኛውን ገፅ እንደገና ፃፍኩ፣ ክፍሎቹን ከ2 ጀምሮ እያየሁ፣ ሦስት ገፅ ሞላ፣ ሰውዬው ካየሁት በላይ ብዙ ነገር ሲሰራ ኖሯል። ነጂዋን፣ የቢሮ ተላላኪውን፣ ክፍል 8 ላይ አንዴ ብቻ የታየችውን ነርስም ጨመርኳቸው።

የክፍል 16 ቀረፃ ቀን ጋሼ ቀድመው መጡ። ወንበሬ አጠገብ ቆመው ማስታወሻዬን በትከሻዬ በኩል አዩት፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

"ዛሬስ ልጄ፣ ስህተት ነው ወይስ ትክክል?"

"እርስዎ ያሳዩኝና እፅፈዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው።