ሪዛሙ ሰውዬ

ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። መኪናዋ ጋራዥ ስለተኛች ብቻ አይደለም። እንቅልፍ አልጠገብኩም፣ ስልኬ አይጠራም፣ ሲጠራም አላነሳም። እንዲህ ያለ ቀን ታውቃላችሁ።

የመኪናዋን ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ትንቀጫቀጭና ዝም ትል ነበር። ላሳያት እየወሰድኳት እያለ መንገድ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረች፣ ቼክ ኢንጂኑ በራ። አጥፍቼ አስጎተትኳት። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰካና ፒ0016 የሚል ኮድ አወጣ። ሞተሩ ውስጥ ከላይ የሚዞረው ዘንግ፣ ካም ሻፍቱ፣ ከታች ከሚዞረው ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ተዛንፏል ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የታይሚንግ ካቴና አንድ ጥርስ ዘሏል።

«አንድ ብቻ ነው እህቴ» አለኝ። «ሁለት ሦስት ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

ሌላው ወሬ የቫልቭ ነው። ቫልቭ ካሙ የሚከፍተው፣ ለሞተሩ አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ በር ነው። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል ማለት ነው። እንደኔ ባለው ሞተር ውስጥ ክራንኩን የሚያዞረው ፒስተን ሲወጣ ቫልቩ ዞር ካላለለት ይጋጫሉ። ቫልቩ ይጣመማል፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል፣ ሰው ያለቅሳል።

ካቴና እንደ ቺንጊያ፣ እንደ ጎማው ቀበቶ፣ በየጊዜው አይቀየርም፣ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ያገለግላል ይላሉ አምራቾቹ። ብልጦች ናቸው። ካቴናው ተበጥሶ ሞተሩን ቢገድለውም እኮ ቃላቸው አልታጠፈም!

ለማንኛውም የሞተሩ የፊት ክዳን ሲወርድ ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። መካኒኩ በጣቱ ጠረግ አደረገና አሳየኝ። «ይሄ ያንቺ አይደለም፣ የቆየ ነው» አለ። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲጎድል በደንብ አይወጥርም። የካቴናው ፒኖችም በቆሻሻ ዘይት ቀስ በቀስ እየተበሉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በጣም ትንሽ ነው የሚላላው፣ ግን ተደምሮ ካቴናው ይረዝማል። ጠዋት ጠዋት የምሰማው ድምፅ፣ የዘይቱ ግፊት እስኪመጣ ድረስ የላላው ካቴና ሲማታ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። «ያንቺ አይደለም» የሚለው ላይ ቀረሁ። የኔ ካልሆነ የማን ነው?

ከኔ በፊት የነዳት ሰው ነዋ! መኪናዋን ከሻጭ ነው የገዛኋት፣ ሰውዬውን አላውቀውም። አሁን ግን አውቀዋለሁ። ሪዝ አለው። ሁልጊዜ ይቸኩላል። የዘይት መለኪያዋን መዝዞ ያይና «ገና ነው» ብሎ ይመልሳታል። ዘይት ቀይር ሲሉት «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። ከጋራዥ እስከ ቤት ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ስሰድበው መጣሁ። በጣም ደስ ይል ነበር።

ቤት ስደርስ ግን የኋላው መስኮት ላይ ያለችው ስቲከር ትዝ አለችኝ። ግማሿ የተላጠ ዝሆን ናት። ስገዛት ጀምሮ ነበረች፣ ማንሳት ሰንፌ ነው የተውኳት። ልጅ ነው የለጠፋት። ስለዚህ ሪዛሙ ሰውዬ ልጅ አለው። ጠዋት የሚቸኩለው ልጅ ለማድረስ ነው። ዘይቱን ያቆየው ምናልባት ልጁ ጫማ ስለጠበበው ይሆናል። ቀጥሎ እናቱን አሳመምኩበት። ከዚያ ከሥራ ወጣ። መኪናዋን የሸጣት ቸግሮት ነው። የሸጣት ቀን ልጁ «ዝሆኔስ?» ብሎ ጠየቀው።

እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። አትሳቁ።

ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ሰውዬው አሳዘነሽ፣ እሺ። ሂሳቡን እሱ ይከፍልልሻል?» አለችኝ። እሷ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ካቴናው ብቻ ቢቀየር ምን ያህል እንደሚያወጣም ጠየቀችኝ። ብቻውን አይቀየርም አልኳት። ካቴናው የሚዞርባቸው ባለጥርስ ጎማዎች፣ ቴንሽነሩ፣ የፕላስቲክ መምሪያዎቹ አብረው ነው። የተበላ ጥርስ አዲሱንም ካቴና ይበላዋል። ይሄን እንኳን ሰምቻለሁ።

ማታ መካኒኩ ደወለ። በሌላ ወሬ መሀል፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ዘይቱ በሰዓቱ ቢቀየርም ቴንሽነሩ ራሱ ከአሠራሩ ደካማ ሆኖ እንደሚመጣ ነገረኝ። የኔም እንደዚያ ሊሆን ይችላል አለ። ስለዚህ ሰውዬው ምንም ላያጠፋ ይችላል። የስድቤንም የእንባዬንም ምንም አያውቅ።

ደግሞ አሁን ልተኛ ስል መጣብኝ። ሴትዮ ብትሆንስ? ሪዙን ምን ላድርገው?